የቆርኪ ሰሌዳ ጠባቂ ነበርኩ

የዕድራችንን አዳራሽ ቁልፍ ካስረከብኩ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እጄ ግን እስካሁን አላመነም። ጠዋት ስነሳ መቀነቴን ይዳስሳል፤ ቁልፉ የለም፤ ጡረታ መውጣቴ ትዝ የሚለኝ ያኔ ነው። ጉልበቴ ነው ያስወጣኝ እንጂ እኔስ አልጠገብኩም ነበር።

አሁን ለፈተና የሚያጠኑት ልጆች በስልክ ነው የሚገናኙት አሉ። ግሩፕ ይሉታል። አንዱ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ አንዷ ታክሲ ውስጥ ተጣብባ ይጠያየቃሉ። ይህም ግሩም ነው። በእኔ ጊዜ ግን ልጆቹ በእግራቸው ነበር የሚመጡት፤ የቀረውንም በእግራችን ነበር የምንፈልገው። እሱ ሳይረሳ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ተማሪ ቤት ደጃፉን አልረገጥኩም። ይህችን የምጽፍባትን ፊደል ያስቆጠሩኝ እነዚያው ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሀ ሁን፣ አንዷ ለ ሉን እየተቀባበሉ። ብሳሳት እነሱን ውቀሱ። ደግሞ መንገድ ይበዛብኛል። «እማማ ፈለቀች ጎረቤት ቤት ሲሄዱ በጦር ኃይሎች ዞረው ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። አሁንም ልዞር ነው።

ከቡልጋ መጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ዘነበወርቅ አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠብ ነበር። አለቃዬ እትዬ አስካለ ነበረች፤ እጇ ከሳሙና ብዛት የነጣ፣ ድምፅዋ ግን እንደ ጡሩንባ። በመጀመሪያው ቀን ደም የነካው አንሶላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ልነክር ስል እጄን በኃይል ያዘችኝ።

«ደም በቀዝቃዛ! ሙቅ የነካው ደም ከአንሶላው ጋር ይጋባል፤ ከዚያ አንቺም አታፋቺው፣ ዳኛም አያፋታው!»

«ለምን?» አልኳት።

«ለምን የሚሉት ሐኪሞች ናቸው። እኛ እናጥባለን።»

ስንት ዓመት አጠብኩ። ስንት ሰው ደም በእጄ አለፈ። ያ «ለምን» ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደቀረ ነበር። ኋላ ላይ እመለስበታለሁና እናንተም ያዙልኝ።

ቀጥሎ ጦር ኃይሎች አንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጠብኩ። የዚያን አለቃ ማንሳት አያስፈልግም፤ ሰሃን ሲሰበር ብቻ ነበር በስሜ የሚጠራኝ። ከዚያ የሰፈራችን ዕድር አዳራሽ ጠባቂ ሆንኩ። ድንኳን ማጠፍ፣ ወንበር ማውጣትና ማስገባት፣ ብርጭቆ ማጠብ። ደመወዙን አትጠይቁኝ፤ ከወር ወር ያደርሰኝ ነበር፤ ይበቃል። እዚያ ነው ጋሼ ወልዴን ያገኘኋቸው።

ጋሼ ወልዴ የዕድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው መኪና ሲያስነዱ የኖሩ፣ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ። ቀጭን፣ ረጅም፤ በጋም ክረምትም ጥቁር ጃንጥላ ከክንዳቸው አይጠፋም። ስብሰባ ሲቀመጡ መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ፊቱን ግን ወደ ሕዝቡ ነው የሚያዞሩት። «እኔ መቼ እንደጀመርን አውቃለሁ፤ እናንተ እዩት» ይላሉ። ስም ሲጠራም ከመጣው አይጀምሩም። ዙሪያውን አየት አድርገው «ማን ጎደለብን?» ይላሉ። «ለምን ቀረ» አይደለም፤ «ማን ጎደለብን»። ከዚያ ስብሰባው ሳያልቅ ሁለት ሰው ወደ ጎደለው ቤት ይላካል። ሕመም ካለ ይታወቃል፤ ኩርፊያ ካለም ይታወቃል። ሰው ሲጠፋ እንዲህ ቶሎ የሚፈለግበት ቦታ በዕድሜዬ አላየሁም።

አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ወጣቶች መጡ። ከኮሌጅ ገና የወጡ፤ አንዱ ላብራቶሪ፣ ሌሎቹ ነርስ። ዲግሪው በእጃቸው ነው፤ ነገር ግን የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚባለውን ካላለፉ በሽተኛ መንካት አይፈቀድላቸውም። ቤታቸው ጠቦ፣ ቴሌቪዥኑም ሕፃኑም እየጮኸ፣ ለማጥኛ አዳራሹን ፈልገው ነው። ንግግሩን የያዘው ሙሉጌታ የሚባለው የላብራቶሪው ልጅ ነበር፤ አፉ እንደ ሬዲዮ የማይዘጋ።

«ስንት ናችሁ?» አሉት ጋሼ ወልዴ።

«ስምንት ነን ጋሼ።»

«ስድስት ነው የማየው።»

«ሁለቱ አልተመቻቸውም፤ ግን ያው እኛ የተስማማነውን…»

«ሁለቱን ይዛችሁ ኑና እናወራለን» ብለው ጃንጥላቸውን አነሱ።

ልጆቹ ያሾፉባቸው መሰላቸው። በማግስቱ ግን ስምንት ሆነው መጡ፤ አዳራሹም ተፈቀደ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ። ሕጉ የዕድሩ ሕግ ነው፤ የጎደለ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሰው ቤቱ ይሄዳል። ሙሉጌታ «ቅጣት ብናደርገው አይሻልም?» ሲል ጋሼ ሳቁ። «ቅጣት የከፈለ ሰው መቅረትን ገዛ ማለት ነው። ጓደኛው ከእናቱ ፊት ቆሞ ሲፈልገው ግን ይህን በምን ይገዛዋል?»

መቆጣጠሪያው ለእኔ ተሰጠ። «እኔ ማንበብ አልችል፣ ስማቸውን በምን እይዛለሁ?» ብላቸው «አንቺ ስንት ሺህ አንሶላ በዓይንሽ ለይተሽ የለም እንዴ?» አሉኝ። አሰብኩበት። ከአሮጌ የድንኳን ሳጥን አንድ ጣውላ ነቀልኩ፤ ስምንት ሚስማር መታሁበት፤ እያንዳንዱ የራሱን ቆርኪ በስቶ እንዲያመጣ አዘዝኩ። የመጣ ሰው ቆርኪው ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል፤ ያልመጣ ጀርባውን። ከበር ሆኜ አንዴ ስመለከት ማን እንደጎደለብኝ አውቃለሁ። ሙሉጌታ የቢራ ቆርኪ ይዞ መጣ።

«በዕድር ግድግዳ ላይ የቢራ ቆርኪ?» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ አልጠጣሁትም፤ ከመንገድ ነው ያነሳሁት።»

«ለዚህ ነዋ ፊትህ ያዘነው፤ ባዶ ሆኖ አግኝተኸው!» አልኩት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከስምንቱ መሐል አንዲት ልጅ ከመድኃኒት ጠርሙስ የወጣ ነጭ ክዳን ነበር ያመጣችው። ሰዓዳ ትባላለች። አባቷ አቶ ሸምሱ መርካቶ ሸራ ይሸጣሉ፤ ቤታቸው አጠና ተራ አካባቢ ነው። ሒጃቧን ጥንቅቅ አድርጋ ታሥራለች፤ የከሰዓቱ የአሱር ሶላት ሲደርስ ጥግ ላይ ሰግዳ ደብተሯ ላይ ትመለሳለች። አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ድምፅዋን ግን ያወቅሁት ስንት ወር ቆይቼ ነው፤ የሥራ ዘመኔ ትልቁ ስህተትም እሱ ነው።

እንደምታውቁት ዕድር የመጣን ሰው «ተገኝቷል» ብሎ ያልፈዋል። ለቀብር መጥተህ ከቆምክ ቆመሃል፤ ምን እያሰብክ እንደቆምክ ማንም አይጠይቅህም። ለጥናት ግን ይህ እንደማይበቃ ጋሼ ወልዴ ቀድመው ገብቷቸዋል። የመንጃ ተማሪዎቻቸውን ቁልፍ ሳያስነኩ በፊት «አሁን ምን ልታደርግ ነው? በአፍህ ንገረኝ» ይሏቸው ነበር። «አፍህ ሳይነዳ እግርህ አይነዳም። ገባኝ ብቻ የሚል ሹፌር መኪናውን ሰው ሱቅ ውስጥ ነው የሚያስገባው።» ስለዚህ ሌላ ሕግ ጨመሩ። ልጆቹ ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት አንድ በአንድ ከፊቴ ይቀመጡና የዚያን ቀን ያጠኑትን ለእኔ ያስረዱኛል፤ በአማርኛ፣ እኔ በሚገባኝ ቋንቋ።

«ለምን ለእኔ?» አልኩ።

«አንቺ ስለማታስመስዪ» አሉኝ።

ወይ ጉድ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰማሁትን በምን አፌ ልንገራችሁ። ሙሉጌታ አንድ ጠብታ ደም ውስጥ ከኮልፌ ሕዝብ የሚበልጥ ፍጥረት እንዳለ፣ ሁሉም ሥራ እንዳለው፣ አንዳንዱ እንደ ተላላኪ፣ አንዳንዱ እንደ ዘብ እንደሆነ ነገረኝ። ያን ጊዜ እጆቼን አየኋቸው። ስንት ከተማ ሕዝብ ነው በሳሙና ያጠብኩት አልኩ! ሌላዋ ልጅ ስለ ኩላሊት አስረዳችኝ፤ እኔ ተኝቼ እንኳ እሱ ሳይተኛ ደሜን ሲያጠራ እንደሚያድር። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ ነው የሄድኩት፤ እንግዳ እንደያዘ ሰው። ሳይገባኝ ሲቀር «አልገባኝም» እላለሁ። ልጁ ይቆማል፣ ራሱን ያካል፣ መጽሐፉን ይገልጣል፤ እሱም እንዳልገባው ያኔ ያውቃል። እኔ ምንም ሳላውቅ የማያውቁትን ሳሳውቃቸው፣ ይህ የማን ጥበብ ነው እያልኩ እደነቅ ነበር።

ሰዓዳ ግን ከፊቴ ስትቀመጥ አፏ ይያዛል። የመጀመሪያው ቀን ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ፣ ከኋላዋ የተሰለፉት ዓይናቸውን ጣሉባት። አንጀቴን በላችኝ።

«ገብቶሻል አይደል የኔ ልጅ?» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

«በቃ ሂጂ፤ ተዪው።»

በማግስቱም እንዲሁ። በሳልስቱም። ከዚያ ልማድ ሆነ። ሁሉም ሲናገሩ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እኔም ነጩን ክዳን ፊቱን አዙሬ እተወዋለሁ። ጋሼ ወልዴ በመሐሉ ታመው ቤት ዋሉ፤ ልጠይቃቸው ስሄድ «ሁሉም ይናገራሉ?» ይሉኛል። «ሁሉም» እላለሁ። ዋሸሁ። ለደግነት የዋሸሁ መስሎኝ ነበር።

ፈተናው መጣ። ስድስቱ አለፉ፤ ሙሉጌታም ቆርኪውን ከሚስማሩ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሁለቱ ወደቁ፤ ሰዓዳና አንድ ልጅ። ምን ይደረግ፣ ሰው አንዴ ይወድቃል አልን። አዲስ ልጆች መጥተው ሚስማሩን ሞሉ። ሁለተኛው ፈተና መጣ። ያ ልጅ አለፈ። ሰዓዳ ብቻዋን ወደቀች።

በሳምንቱ አባቷ አዳራሹ ድረስ መጡ። አቶ ሸምሱ ትሑት ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የገቡት። ከሰሌዳው ፊት ቆመው ነጩን ክዳን አገኙት።

«የልጄ ይሄ ነው?»

«አዎ።»

«ቀርታ ታውቃለች?»

«አንድም ቀን።»

«እማማ፣ እንግዲህ እርስዎ ምስክሬ ነዎት። ሌላው ልጅ ሲቀር፣ ሲያረፍድ፣ ሲፈለግ ሁሉ ሰምቻለሁ። የእኔ ልጅ ሳትቀር፣ ለምንድን ነው እሷ ብቻ የወደቀችው?»

ነጩን ክዳን አየሁት። ሰሌዳው ውሸት እየተናገረ ነው፤ ያስዋሸሁትም እኔ ነኝ።

«ልጄ ሰነፍ አይደለችም» አሉ ቀስ ብለው። «ዕድሏ ካልሆነ ግን አላስጨንቃትም። እንዲህ ስትከሳ ማየት አልችልም። አንድ ጊዜ ደግማ ትፈተን፤ ካልሆነ ሱቅ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። እሷም እሺ ብላለች።»

እሺ አለች! እሷማ ለሁሉም ራሷን ነው የምትነቀንቀው።

በቀጥታ ጋሼ ወልዴ ቤት ሄድኩ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሰዓታቸው ከአልጋው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ እንግዳ አዙሮ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ስል ሳቅ መጣባቸው፣ ሳሉም አብሮ መጣ።

«እኔም አንድ ነበረኝ» አሉ። «ዓይነ አፋር፣ የወዳጄ ልጅ። በአፉ ሳይነግረኝ አስነዳሁት፤ አሳዘነኝ። ግንብ ገጨ። እሱ ዳነ፤ ከዚያ በኋላ ግን መሪ አልያዘም። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ በአክብሮት ሰላም ይለኛል። ያ ሰላምታ ነው የሚያመኝ።» ትንሽ አረፍ ብለው «ፈለቀች፣ ክዳኑን አዙሪው» አሉኝ።

በማግስቱ ሰዓዳ መጣች፣ አጠናች፣ ከፊቴ ተቀመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ተነስቼ ሰሌዳው ጋ ሄድኩና ነጩን ክዳን ጀርባውን አዞርኩት።

«እማማ፣ መጥቻለሁ እኮ!» አለች።

«መጥተሻል። ያነበብሽውን ግን አልሰማሁም።»

«ሁሌ እንደዚህ አይደል?»

«ሁሌ በደልኩሽ። ከዛሬ ጀምሮ አልበድልሽም።»

ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ነጩ ክዳን እንደዞረ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓዳ ጎደለችብን። ልጆቹ «እኛ እንሂድ» አሉ። «እኔ ነኝ ያጎደልኳት፣ እኔ ነኝ የምሄደው» አልኩና ይህን ጉልበቴን እየጎተትኩ አጠና ተራ ወረድኩ።

ቤታቸው ስገባ ግቢው ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ታናሽ ወንድሟ ኳስ ሲጫወት አፍንጫው ደምቶ ነጭ ሸሚዙን አበላሽቷል። ስታየኝ አልተነሳችም፤ ተቀየመችኛ። ዓይኔ ወደ ሳፋው ሄደ። እንፋሎት ይወጣዋል!

«በቀዝቃዛ! ደም በቀዝቃዛ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ እትዬ አስካለ ከመቃብር ተነስታ በአፌ የተናገረች መሰለኝ።

«አውቃለሁ!» አለች እሷም ጮክ ብላ። «ይሄ ለአንሶላው ነው። ሸሚዙ ያውልዎት፣ በቀዝቃዛ ነክሬዋለሁ።»

አየሁ፤ ሌላ ባልዲ ውስጥ ነበር። አፈርኩ። ሌላ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ሸሚዙን ይዤ ማሸት ጀመርኩ። ሁለታችንም ቀና አላልንም።

«ለምን እንደሆነ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አልኩ እንደ ቀልድ።

እሷም አንሶላዋን እያሸች፣ ዓይኗን ከአረፋው ሳትነቅል ጀመረች። «እንቁላል አይተው የለ፣ እማማ? ጥሬው ውሃ ነው፤ በውሃ ይታጠባል። ሲሞቅ ግን ይረጋል፣ ድስቱ ላይ ይጣበቃል። ደም ውስጥም እንደ እንቁላል ያለ ነገር አለ። ሙቅ ሲነካው ይበስላል፤ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይበስላል። ለዚህ ነው የማይለቀው።»

እጄ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የነበረው «ለምን» ወረደ። ደም ይበስላል! ሸሚዙን እንደያዝኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሷ ግን አላየችኝም፤ እያጠበች ቀጠለች። ደም ከአፍንጫ ሲወጣ እንዴት እንደሚቆም፣ ራሱን እንዴት እንደሚደፍን፣ ልጅ ሲደማው ለምን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ማዘንበል እንዳለበት። ቃሉ ከአፏ እንደ ቧንቧ ውሃ ይወርዳል። እኔ የማውቃት ዱዳዋ ሰዓዳ ናት ይህቺ?

ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ዕውቀት አልጎደላትም። ሰው ፊቷን ሲያያት ነው ምላሷም ሐሳቧም የሚታሠረው፤ ፈተና ላይም የጣላት ይኸው ነው። እጇ ሥራ ሲይዝና ዓይን ከላይዋ ሲነሳ አፏ ይፈታል። እኔ ሞኟ ደግሞ ወይ አፍጥጬ አያታለሁ፣ ወይ አዝኜ እተዋታለሁ። በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ እንዳለ አላየሁም።

«ነገ ትመጪያለሽ?» አልኳት ስነሳ።

«ክዳኔን አዙረውብኛል።»

«እኔ አይደለሁም የማዞርልሽ፤ አንቺ ነሽ። ደግሞ የዕድሩ ብርጭቆ ሳይታጠብ ተከምሯል፤ ብቻዬን አልችለውም።»

ሳቀች። «ወላሂ እማማ፣ እርስዎ ተንኮለኛ ነዎት!»

ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ወንበሬ ፊት ተቀምጠው ሲጨርሱ እኔና ሰዓዳ ከጓሮ ቧንቧው ጋ እንሆናለን። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ፤ ዓይኔ ፎጣዬ ላይ ነው። አንድ ቀን አራት ብርጭቆ ትሪ ላይ ደረደረች፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች።

«ልብ ይኼው እማማ። አራት ክፍል አላት።»

«አራት? እኔ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ ልቤ ባለ አራት ክፍል ናት?»

«ያውም በር ያላቸው! ደሙ ወደ ፊት ሲያልፍ በሩ ይዘጋል፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ። ዱብ፣ ዱብ የሚለው የበሩ መዘጋት ነው።»

እርጥብ እጄን ደረቴ ላይ አኖርኩ። በር ይዘጋል። ስወለድ የጀመረ፣ ባሌን ስቀብር ያላቆመ፣ ስስቅም ሳለቅስም በር የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ጠባቂ ደረቴ ውስጥ አለ። እኔ የአዳራሽ በር ጠባቂ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር! እዚያ ቧንቧ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደቆመ ሰው ቆምኩ። ሰዓዳም እጇን አደረቀች። ከዚያ ገብታ ነጩን ክዳን በእጇ አዞረችው።

ቀስ በቀስ ከቧንቧው ወደ አዳራሹ አመጣኋት። መጀመሪያ ወንበር እየወለወለች፣ ቀጥሎ ፎጣ እያጠፈች፣ በመጨረሻ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰዎቹ እየሰሙ። አንዳንድ ቀን ይያዛታል፤ ያን ቀን ክዳኑ ዞሮ ያድራል፤ እሷም አትቀየምም። ጋሼ ወልዴ ይህን እየነገርኳቸው ይስቁ ነበር። ፈተናው ሳይደርስ አረፉ። ሰዓቱን ለአዳራሹ ተናዝዘውለታል፤ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሬ ሰሌዳው ሥር ሰቀልኩት።

ውጤቱ የወጣ ቀን አዳራሹን እየጠረግሁ ነበር። ሰዓዳ ገባች። ፊቷን አላየሁም፤ መጥረጊያዬን ነው ያየሁት። ወደ ሰሌዳው ስትሄድ እግሯን ሰማሁ። ከዚያ ሚስማሩ ቀጭ አለ። ቀና ስል ነጩ ክዳን የለም። አባቷ በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይጨምቃሉ። መጥረጊያውን ጥዬ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ሁሉ የማን ሠርግ ነው ብሎ ወጣ።

ዓመታት አለፉ። ስንት ቆርኪ ተሰቀለ፣ ስንት ተነቀለ። ከዚያ ጉልበቴ እምቢ አለና ቁልፉን አስረከብኩ።

ባለፈው ወር የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ሒጃቧን ጥንቅቅ አድርጋ ያሠረች ነርስ ተቀምጣለች። ሰዓዳ ናት። እዚህ መዛወሯን አልሰማሁም ነበር። ተሳሳምን፣ ተላቀስን፤ ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ክንዴ ላይ ጨርቁን ጠምጥማ ለካች፤ ፈታችው፤ ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ።

«እማማ፣ መድኃኒቱን እንደተነገርዎት ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ እንጂ የኔ ልጅ።»

«አወሳሰዱ ገብቶዎታል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

ያን ጊዜ ጠረጴዛዋ ላይ ዓይኔ አረፈ። ነጩ ክዳን፣ ቀዳዳው እንዳለ፣ ጀርባውን ዞሮ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እኔን የሚያየኝ መሰለኝ፤ አፌ ተያዘ።

ሰዓዳ ከክንዴ የፈታችውን የመለኪያውን ጨርቅ አነሳችና እጄ ላይ አኖረችው። «እስቲ ይህን ይጠቅልሉልኝ» አለች፤ እሷም ፊቷን ወደ መዝገቧ መለሰች፤ አላየችኝም።

እኔም ጨርቁን እየጠቀለልኩ ተናዘዝኩ። ራሴን ሲያመኝ ብቻ እንደምወስደው፣ ያላመመኝ ቀን ለሌላ ቀን ይትረፍ ብዬ እንደምተወው።

«የደም ግፊት ሲጨምር ሁልጊዜ አያምም፣ እማማ» አለች፤ ቀና ሳትል። «በሮቹን ዝም ብሎ ነው የሚያደክማቸው። ቢያምምዎትም ባያምምዎትም፣ በየቀኑ፣ ጠዋት ጠዋት። አሁን እርስዎ ይንገሩኝ።»

ነገርኳት። አንዱን ዘለልኩ። «እንደገና» አለች። እንደገና ነገርኳት፤ በየቀኑ፣ ጠዋት፣ ቢያመኝም ባያመኝም፣ እነዚያ አራት ክፍሎች በራቸው እንዳይደክም። ጨርቁ ተጠቅልሎ አልቆ እጄ ላይ ነበር።

ሰዓዳ እጇን ዘርግታ ነጩን ክዳን አዞረችው።